ጦጣ እየጠበቁ ጥናት መጻፍ

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን እናቴ ቤት ገብቼ ልጨርሰው ብዬ ስወስን ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እንጅባራ ከተማ አስተምራለሁ፤ የተከራየሁት ክፍል ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ክረምት ሲገባና ትምህርት ሲዘጋ ላፕቶፔን በፌስታል ጠቅልዬ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ወዳለው የእናቴ ቤት ሄድኩ። የምፈልገው ጸጥታ ብቻ ነበር።

እናቴ ደስ አላት። በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ ወንበር አውጥታ ድንች ማሳው ጥግ ብሳናው ዛፍ ሥር አስቀመጠችልኝ።

“እዚህ ብርሃን አለ። ተቀምጠሽ ከዋልሽ አይቀር ጦጣውንም ታዪልኛለሽ” አለችኝ።

“እማዬ፣ እኔኮ ሥራ አለብኝ።”

“ሥሪ፤ ማን ከለከለሽ? እጅሽ ይሥራ፣ ዓይንሽ ማሳው ላይ ይሁን።”

የምሠራው በዓይኔም መሆኑን ሳላስረዳት ነጠላዋን አጣፍታ ገበያ ወረደች።

ጦጣ ድሮም ነበር፤ ግን ከሐይቁ ደን እስኪመጣ ሜዳውን ማቋረጥ ስለነበረበት ከሩቅ ይታያል። አሁን ጎረቤታችን ሽማግሌው ለከሰል ብለው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እስከ አጥራችን ድረስ ተክለዋል። ጦጣው በዛፉ ውስጥ ተደብቆ መጥቶ አጥሩ ላይ ጉብ ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ ቀና ስል እያየኝ ነው። ተነሥቼ ድንጋይ ስወረውር ይሸሻል፤ ስቀመጥ ይመለሳል። ዓረፍተ ነገሩ ግን አይመለስም። ውሎ አድሮ ስጮህበት ዞር ብሎ ማየት እንኳ ተወ።

ሽማግሌው ከአጥሩ ማዶ ሆነው ሲታዘቡኝ ቆይተው፣ “ልጄ፣ ጦጣ ሴት አይፈራም። የአባትሽን ካፖርት ልበሺ” አሉኝ።

“እርስዎስ ዛፉን ከአጥሩ ትንሽ ቢያርቁት?”

“እሱማ መሬቴ ነው” ብለው ሄዱ።

ተናድጄ ነበር፤ ቢሆንም የሟች አባቴን ካፖርትና ባርኔጣ አድርጌ ዋልኩ። ጦጣዎቹ አንድ ጠዋት ግራ ተጋቡ፤ ከሰዓት በኋላ ሴት መሆኔን ደረሱበት።

ከዚህ ሁሉ የባሰው አማካሪዬ የደወለልኝ ቀን ነው። ስልክ ያነሣልኛል ብዬ ለሳምንታት ደጅ ስጠናው የከረምኩት ዶክተር ራሱ ከባሕር ዳር ደወለ። ኔትወርኩ ሳይቆራረጥ የሚሰማው ከማሳው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ ስልኩን ይዤ ወደዚያ ሮጥኩ።

“ምዕራፍ ሦስትን አየሁት” አለኝ፤ “ችግሩ ምን መሰለሽ...”

ችግሩን ሊነግረኝ ሲጀምር ጦጣዎቹ ማሳው ውስጥ ገቡ። አንዱ ትልቅ ወንድ የድንቹን ተክል ከነሥሩ ነቅሎ አፈሩን ሲያራግፍ ይታየኛል። ብጮህ ዶክተሩ ይሰማል፣ ዝም ብል ድንቹ ያልቃል። ዝም አልኩ። ይሄኔ እናቴ ከገበያ ስትመለስ በአጥሩ በር ብቅ አለች።

“አንቺ ልጅ! ሙልጭ አድርገው በሉትኮ!”

“ምንድን ነው እሱ?” አለ ዶክተሩ።

“ጦጣ ነው፣ ዶክተር። ድንች እየጠበቅሁ ነው።”

“በይ ምዕራፉን እንደገና ጻፊው” ሲል ኔትወርኩ ተቋረጠ። ችግሩ ምን እንደሆነ ሳልሰማ ቀረሁ። መልሼ ብደውል አላነሣም።

እናቴ ከገበያ የገዛችውን ጨው መሬት ላይ አስቀምጣ የተነቀለውን እየለቀመች፣ “መማር ማለት ቁጭ ብሎ ማስበላት ነው?” አለችኝ። እኔም የሆዴን ተናገርኩ፤ የመጣሁት ለጥናት እንጂ ለጥበቃ እንዳልሆነ። ቀኑን ሙሉ ተኳርፈን ዋልን። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ በሩን ዘግቼ፣ ዶክተሩ ያልወደደውን በግምት እያወጣሁ ምዕራፉን በንዴት እንደ አዲስ ጻፍኩት። ላክሁለት፤ ሠንጠረዦቹን ብቻ አስተካክዪ ብሎ ተቀበለው።

ድንቹ ግን እንደማይተርፍ ስላየን ሳይደርስ አወጣነው። እሷ ትቆፍራለች፣ እኔ እለቅማለሁ። አብዛኛው ከእንቁላል አይበልጥም።

“ለመሆኑ የምትጽፊው ስለምንድን ነው?” አለችኝ ቀና ሳትል።

“ቤታቸው አዊኛ እየተናገሩ አድገው ከተማ ሲገቡ በአማርኛ ማንበብ ስለሚከብዳቸው ልጆች።”

“ለዚህ ይህን ሁሉ መጻፍ ምን ያደርጋል? አንቺም መጀመሪያ ከተማ ትምህርት ቤት የገባሽ ጊዜ መምህሩ የሚለው አልገባኝም ብለሽ ስታለቅሺ አልነበር?”

አላስታውሰውም ነበር። እንዴት እንደነበር ልጠይቃት አፌን ስከፍት ከኋላችን አንዱ ጦጣ ከጆንያው ድንች ሞጭልፎ አጥሩን ዘለለ። እናቴ መቆፈሪያዋን ጥላ በአዊኛ እየተሳደበች ተከተለችው፤ እኔም ተከትዬ በዚያው ቋንቋ ስድቡን አወረድኩበት።