የጆንያው ግድግዳ

ትናንት ንፋስ መውጫ ከተማ፣ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ድራማ ሲታይ፣ መድረኩ ላይ የቆመው ቀለም የተቀባ ግድግዳ በነፋሱ ወዝወዝ አለ። ልቤ ድንግጥ አለ።

እኔም መካነ ኢየሱስ ስማር እንዲህ ያለ ግድግዳ እንዳይወድቅ ይዤ አውቃለሁ። የድራማውን ቤት የሠራነው ከባሕር ዛፍ እንጨትና ቀይ አፈር ከቀባነው ጆንያ ነበር። ድራማው መሀል ሲደርስ ነፋስ ተነሣና ግድግዳውን የያዘውን ችካል ነቀለው። ከፊቱ ሙሽራ ሆና የምትጫወተው ልጅ ተቀምጣለች፤ ቢወድቅ እሷ ላይ ነው። ከጓደኛዬ ከየሺ ጋር ከኋላ ሆነን በጀርባችን ደገፍነው። እርጥቡ አፈር በአንገትጌዬ ገባ። ባል ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ደግሞ ተቆጥቶ በሩን ድርግም ያደርጋል!

"ቀስ በል፣ አንተ ጅል! ቤቱ ሊወድቅ ነው!" አለች የሺ በሹክሹክታ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አባ ተገኘ ሮጠው መጡና ትከሻቸውን ጨመሩ። "አይዟችሁ ልጆቼ፣ ትንሽ ነው የቀረው፤ እንዳትስቁ ብቻ!" አሉን።

መጋረጃው ተዘጋ። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች።

"በሉ ልቀቁት፤ አሁን ይውደቅ፣ ሰው የለበትም!" አሉ አባ ተገኘ።

ግድግዳው ተዘረረ፤ እኛም እየሳቅን ላዩ ላይ ተቀመጥን። ከውጭ ለተዋንያኑ ሲጨበጨብ ይሰማል። "ለእኛስ?" አልኳቸው። አባ ተገኘ ላባቸውን ጠረጉ።

የትናንቱ ግድግዳም ሳይወድቅ ድራማው አለቀ። እፎይ አልኩ።

"እማማ፣ ሰዉ እኮ ሄደ፤ ይነሡ እንጂ" አለችኝ የልጅ ልጄ።

"አልነሣም" አልኳት። "ግድግዳውን ከኋላ የያዙት ልጆች ይውጡና ላጨብጭብላቸው።"