ከሞተሬ የወረደው ቆጣሪ

ሰቆጣ የእንስሳት ሐኪም ሳለሁ የሞተር ሳይክሌ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ተበላሽቶ ከአዲስ አበባ ባስመጣሁት ዲጂታል አስቀየርኩት። መካኒኩ አሮጌውን ሊጥለው ሲል ጎረቤቴ አባ ወልዱ «ለኔ ስጠኝማ ልጄ» ብለው ወሰዱት። ሽማግሌ ሰው፣ ያውም ሞተር የሌላቸው፣ ምን ሊያደርጉበት ይሆን? እያልኩ ሰነበትኩ።

በገበያ ቀን ከብት ተራ አገኘኋቸው። ሊሸጧት ያመጧትን በቅሎ በቀይ ክርና በቃጭል አስጊጠው፣ ቆጣሪዬን ኮርቻዋ ፊት አስረውታል። መስታወቱ ከሩቅ ያብለጨልጫል።

«ልጅ እግር ናት» ይላሉ ለገዢው።

ሰውየው ጥርሷን አየ፤ አካሄዷንም ወደደው። ከዚያ ኮርቻው ላይ አጎንብሶ ቁጥሩን አነበበና ልጓሙን መለሰላቸው።

«ምነው ልጄ?»

«ይቅርብኝ አባቴ። ልጅ እግር ይሉኛል፣ ስልሳ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች!»