መብራት የጠፋበት ካሴት

አዋሽ ሰባት ኪሎ ስንኖር በባቡር ሠራተኞች ክበብ ጊታር የሚጫወቱ ወጣቶች ነበሩ። ሙዚቃቸውን ሮክ ይሉታል። እኔ ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው፤ ስለ ሙዚቃ የሚነግረኝማ ማን ነበር? ጆሮ ግን አለኝ። እነዚያ ወጣቶች አንድን ዘፈን ሁለቴ በአንድ መልክ ተጫውተውት አያውቁም። ጀምረው ይተዉታል፣ እንደመጣላቸው ይሄዳሉ፣ በቃ ጠፉ ስትል ዘፈኑ ላይ ታገኛቸዋለህ።

ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። በባትሪ የሚሠራ ቴፑን ወንበሩ ሥር አድርጎ ይቀዳቸዋል፣ ለመንገዱ። «ሎጊያን ካለፍኩ ወዲያ ከእንቅልፍ የሚያስጥሉኝ እነሱ ናቸው» ይላል። አሁን እሱ በሕይወት የለም። ወጣቶቹም ተበትነዋል፣ የት እንዳሉ አላውቅም። ካሴቶቹ ለእኔ ቀሩ። አንዱ ሰርዶ በረሃ ላይ መኪናው መስታወት ሥር ተረስቶ ፀሐይ አጣሞታል፤ ጊታሩ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። እሱንም እወደዋለሁ።

ከሁሉ የምሳሳለት ግን መብራት የጠፋበት ካሴት ነው። ዘፈኑ መሐል ሲደርስ መብራት ይሄድና ጊታሮቹ ጸጥ ይላሉ። ከበሮው ብቻውን ይቀራል። መጀመሪያ ይፈራል፣ ቀስ ይላል፤ ሰው በጭብጨባ ሲያግዘው ይበረታል። ይሄኔ ነው ባለቤቴ ቴፑ አጠገብ ሆኖ የሚጮኸው፦ «እንዳትቆም! መብራቱ ራሱ ይደርስብሃል!» ሰው ይስቃል። መብራቱ ሲመለስ ጊታሮቹ ከበሮው በደረሰበት ይገባሉ፣ አብረውት ሲሄዱ እንደነበሩ። የባለቤቴ ድምፅ ያለኝ እዚያች ላይ ብቻ ነው።

ዛሬ አዋሽ ሴት ልጄ ጋ እከርምና ሰመራ ወንዱ ልጄ ጋ እሄዳለሁ። አንዱ ጋ ሳለሁ ሌላው ይናፍቀኛል፤ ስደርስም ሁሉም ሥራ ውሎ ነው የሚመጣው፣ ቀኑን ብቻዬን ነኝ። ካሴቶቹ ከነጠላዬ ጋር በዘንቢሌ ይዞራሉ። በቀደም ያ መብራት የጠፋበት ካሴት መንጫጫት ጀመረ። ሳይበጠስብኝ ብዬ ሰመራ ውስጥ ሙዚቃ ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው ሱቅ ወሰድኩት።

ልወስደው ስመለስ ባለሱቁ ሳቀብኝ።

«እማማ፣ መዝሙር መስሎኝ ነበር። ወላሂ፣ ጊታሩ ሲጮህ ካሴት የተለዋወጠብዎ መሰለኝ።»

«አልተለዋወጠብኝም። አሰማኝ እስቲ።»

አሰማኝ። ጥርት ብሏል። ከበሮው ብቻውን ወደሚቀርበት ስንደርስ እጄን ለጭብጨባው አዘጋጀሁ። ጊታሩ ሳያቋርጥ ቀጠለ።

«መብራቱስ?» አልኩት።

«የቱ መብራት? እ፣ እሱን ቆረጥኩልዎት። መሐል ላይ ጠፍቶ ዘፈኑን አበላሽቶት ነበር። ገጣጠምኩት፣ አይታወቅም።»

«ለእኔ ይታወቃል፣ ልጄ። ካሴቱስ የት አለ?»

መሳቢያውን ሲጎለጉል በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። ከሽቦ መሐል አወጣው። የላላውን ክር በእስክሪብቶ ጠቅልሎ ቴፑ ውስጥ ከተተው። ተንጫጫ፣ ቆመ፣ አውጥቶ መታ መታ አደረገውና እንደገና ከተተው። ካሴቱ ውስጥ መብራቱ ጠፋ። ከበሮው ቀረ። ጩኸቱ መጣ።

«ማነው ይሄ ጯሂ?» አለ ባለሱቁ።

«የልጆቼ አባት።»

«አፉ ይበሉኝ፣ እማማ» አለኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዳለ ገለበጠው፤ የገባውን ደንበኛ ሁሉ በእጁ ጠብቅ እያለ።

ትናንት ከሰዓት ሰመራ መብራት ጠፋ። ቬንቲሌተሩ ቆመ። ልጄም ሚስቱም ቢሮ ናቸው። ፍላሹን የምሰካባት ትንሿ ሬዲዮ ቻርጅ ነበራትና ከፈትኳት። እዚያች ቦታ ሲደርስ አጨበጨብኩ። እሱ ጮኸ፣ ሰዎቹ ሳቁ፣ ጊታሮቹ ገቡ። ቬንቲሌተሩ ግን እንደቆመ ነው። ወደ ኋላ መለስኩትና ከከበሮው ጋር እንደገና ማጨብጨብ ጀመርኩ።