የደመና ዘር

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር የተሰጣ ልብስ ማንሣት ነው። ኅዳር ነበር፣ ዝናብ የማይጠበቅበት ወር። ሆሳዕና ባለው ቤታችን ጓሮ እኔ ከገመዱ ላይ እያወረድኩ፣ እሱ አንሶላውን በክንዱ እየሰበሰበ፣ የእርሻ መሬታችን ባለበት በሆመቾ በኩል የቆመውን ደመና እናያለን። ሥሩ ጠቁሯል። ጫፉ እንደተነደፈ ጥጥ እየሳሳ ነበር።

"ጫፉን አየሽው?" አለኝ። "ውሃው በረዶ እየሆነ ነው።"

ባለቤቴ የፊዚክስ መምህር ነበር። ያኔ ትምህርቱ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይመጣል። ፕላዝማው በእንግሊዝኛ ተናግሮ ሲጨርስ እሱ ለተማሪዎቹ በአማርኛ ያስረዳል፤ ቤት ሲመጣ ደግሞ ለእኔ። ደመና ውስጥ ያለ ጠብታ ክፉኛ ቀዝቅዞም ውሃ እንደሆነ ሊቆይ ይችላል ይል ነበር። ለመርጋት ብናኝ አቧራ ይፈልጋል። ያንን ብናኝ "ዘር" ብሎ ተረጎመው። አንዷ ቅንጣት ከረጋች የጎረቤቶቿን እርጥበት እየወሰደች ታድጋለች። ሌላ ጠብታ ሲነካት ላይዋ ላይ ይረጋና ስንጣሪ ይረጫል። ስንጣሪው ደግሞ በተራው ዘር ይሆናል። ከጥቂት ዘር ያ ሁሉ በረዶ የሚመጣው እንዲህ ነው። መብረቁም የሚመጣው ከእነዚሁ ቅንጣቶች ግጭት ነው።

አንድ የገበያ ቀን ይህን ሲያወራ፣ የሆመቾው መሬታችን አዋሳኝ የሆነ ገበሬ እኛ ቤት ተቀምጦ ነበር።

"መምህር፣ ዘር ካለ የሚዘራ አለ" አለ። "ማነው?"

"ነፋስ ነው። ከመንገድም ከእርሻም ያነሣል። አንተ ስንዴ ስታበጥር የሚነሣው ብናኝም ሊሆን ይችላል።"

"እንዴ፣ ታዲያ ስንዴዬን በበረዶ የማስመታው እኔው ነኛ?"

"የእኔን ሳትነካ የራስህን አስመታ" አለው ባለቤቴ። ሦስታችንም ሳቅን።

ልብሱን ባነሣን ቀን ስንዴያችን ታጭዶ ተከምሮ ነበር። የዓመት ቀለባችን ነው።

"ሸራ አልብሼው ልምጣ" አለ።

"መብረቅ ይኖራል።"

"ገና ሩቅ ነው።"

አንሶላውን አልጋ ላይ አስቀምጦ ሸራውን ጠቀለለና ወደ መናኸሪያ ወጣ። ከሰዓት በኋላ በረዶው ቆርቆሯችንን ሲደበድበው እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ቤት የተጠለለ መስሎኝ ነበር። መብረቁ ግን ከበረዶው ቀድሞ፣ እሱ ክምሩ ላይ ወጥቶ ሸራውን ሲያስር መትቶታል። በረዶው የወረደው ከሞተ በኋላ ነው።

ገበሬው ለልቅሶው መጥቶ ከድንኳኑ ዳር ተቀመጠ። ሰው ሲቀንስ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ።

"እትዬ" አለኝ፣ "ያን ቀን ሳበጥር ነበር።"

ምን ሊለኝ እንደፈለገ ወዲያው አልገባኝም።

"ከጠዋት ጀምሬ። ነፋሱ ጥሩ ነበር። ብናኙ ወደ ላይ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት።"

ያን ጊዜ የሳቅንበትን ቃል እሱ ይዞት ከርሟል። ዘር ማለት ለእሱ እጅ የሚበትነው ነገር ነው፤ በዚያ ቀን ደግሞ የበተነው የእሱ እጅ ነበር።

"ደመና ዘሩን ከአንድ አውድማ አይለቅምም" አልኩት። "ከሩቅ ነው የሚመጣው።"

"ከየት?"

"አይታወቅም።"

ባለቤቴም ይህንኑ ነበር የሚለው፤ የትኛው ብናኝ የትኛውን ጠብታ እንዳረጋ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና ሄደ። በተከታዩ ዓመት ስንዴ አልዘራም። ማሳው ላይ እንሰት ተከለ። እንሰት አይበጠርም።

በዚያ በኩል ደመና ሲቆም አሁንም መጀመሪያ የማየው ጫፉን ነው። መሳሳት ሲጀምር፣ የባለቤቴን ድምፅ ሳልፈልግ እሰማለሁ።

አሁን ልብስ የማሰጣው ቤት ውስጥ ነው።