እህት እያለ አልጋ መያዝ

አዲስ አበባ ያለ አንድ ሆቴል የፈታዮች ማህበራችንን የበግ ጠጉር ባና ለእንግዶቹ ብርድ ልብስ ሊገዛ ነው ሲባል፣ ጉዞውን የማሰናዳት ሥራ ለኔ ተሰጠኝ፤ ስልክ ስለምነካካ ብቻ። ስለ ሥራ ጉዞ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የሁሉም ምክር ከቀጠሮው ቦታ አጠገብ እደር የሚል ነው። ቀጠሯችን በጠዋት ነበር፤ የሆቴሉ ገዥ ከዚያ ወጥቶ ወደ ውጭ አገር ይበራል። ብናረፍድ ክረምቱን ሙሉ ተፈትሎ የተሸመነው ባና ብል ሊበላው ነው። ስለዚህ ከሆቴሉ ማዶ ባለ ፔንሲዮን አልጋ ያዝኩ።

አብረውኝ የሚሄዱት የማህበሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ጠጉር ሲፈትሉ ያረጁ፣ ለናሙና የመረጡትን ባና ታቅፈው ከአገራችን ከዘመሮ የተሳፈሩ እናት። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ስለ አልጋው ነገርኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ እህቴ አዲስ አበባ መሆኗን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ እትዬ። ቤታቸው ግን ከከተማው ዳር ነው፤ ጠዋት መንገዱ ይዘጋጋል።»

«እህት እያለኝ አልጋ! ተጣላን ማለት እኮ ነው።»

እኛ አገር ዘመድ ባለበት ከተማ አልጋ መያዝ ኩርፊያ ነው። ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ የሥራ ጉዞ ግን ሌላ መስሎኝ ነበር። እትዬ ለእህታቸው ደወሉ። ድምፃቸው ቀጥኖ፣ የፔንሲዮኑን ስም ሲናገሩ ጭራሽ ጠፋ። የወዲያኛው ጩኸት ግን እኔም ጋ ደረሰ፦

«አልጋ? እኔ ሞቻለሁ?»

«የስንቱ ቤት እንጀራ እኮ ነው፣ እህትዓለም…»

ስልኩ ተዘጋ። እትዬ እህታቸው ጋ ቢያድሩ ቀጠሮው ያመልጣል፤ ቢቀሩ እህት ልትቀር ነው።

ፔንሲዮኑ ገብተን ገና አረፍ ሳንል በሩ ተንኳኳ። የእትዬ ታናሽ እህት ናቸው፤ በአንድ እጅ ድስት፣ በሌላው የታጠፈ አንሶላ። ሰላም ሳይሉን አልፈው የፔንሲዮኑን አንሶላ ገፈፉና የራሳቸውን አነጠፉ።

«እንግዲህ ቤቴ ይኸ ነው። ቁጭ በሉ! አንተም አልጋ አዛዡ፣ እጅህን ታጠብ።»

«የሰው ክፍል እኮ ነው፣ አንቺ!» አሉ እትዬ፣ እየሳቁም እያለቀሱም።

«ዝም በይና ብዪ።»

ኩርፊያቸውን በጉርሻ አወራረዱብኝ፤ አንዱን ሳልውጥ ሌላው ይመጣል። ወደ ክፍሌ ስሄድ ሁለቱ እህቶች ባንድ አልጋ ላይ፣ የናሙናውን ባና ለብሰው፣ የእናታቸውን አካሄድ እያስመሰሉ ይስቁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለማህበሩ ሰው ጉዞ ሳሰናዳ በመጀመሪያ «ዘመድ አለዎት?» እላለሁ። አዎ ካሉኝ ሰፋ ያለ አልጋ እይዛለሁ።

ያኔ በማግስቱ ጠዋት መንገዱን ተሻግረን በሰዓቱ ደረስን። ገዥው ባናውን ዳሰሰ፣ ጉንጩ ላይ አደረገ፣ ለጥቂት ክፍሎች እንሞክረው አለ። ሲሸኘን እንደ ወጉ ጠየቀ፦

«ከሩቅ ነው የመጣችሁት። የት አደራችሁ?»

«እህቴ ቤት» አሉ እትዬ።