ካርታቸውን የማያስነኩት አክስቴ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አክስቴ ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ ለሰፈሩ ሴቶች በካርታ ዕድል ይናገሩ ነበር። ቀዩ ደግ፣ ጥቁሩ ክፉ ነው። ካርታውን ግን ማንንም አያስነኩም፤ "እጅሽን ሰብስቢ፣ ይበላሽብኛል!" ይላሉ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ለኦፕራሲዮን ልትገባ ስትል መጣች። ጭንቀቷ ቢበዛ ካርታውን ነጥቃ ራሷ ገላለጠችው። ሁሉም ቀይ ነው።

"እትዬ፣ ጥቁሮቹ የታሉ?"

"ጥያቸዋለሁ!" አሉ አክስቴ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ። "ለክፉ ወሬማ ሐኪሙ አለልሽ፤ እኔ ጋ ምን አመጣሽ?"

ሴትዮዋ እየሳቀች ሆስፒታል ገባች፤ ድናም ወጣች።

ባለፈው ሳምንት አክስቴን ቀብረን ስንመለስ ከሁላችንም በላይ ያለቀሰችው እሷ ናት። ባዶውን ወንበራቸውን እያየች፣ "እንግዲህ እኔን ማን ይዋሸኛል?" አለች።