ከቤሩት ደሴ በመኪና

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራስ ቤሩት ባሕር ዳር፣ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ለብሼ፣ የማላውቀውን ባለጀልባ እጅ ሙጭጭ አድርጌ ይዤ «እመቤቴ ድረሽልኝ» እያልኩ ነበር... እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

እኔ አውሮፕላን እፈራለሁ። ፍርሃቴ የቀልድ አይደለም። ወደ ቤሩት ስመጣ አየር ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ ክራባት ይዤ እስክናርፍ አልለቀቅኩም። ሰውዬው ጨዋ ስለነበር ምንም አላለኝም... ወይም መናገር አቅቶት ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ አገሬ አልገባሁም። ሰው ቤት ስሠራ ወረቀት አልነበረኝም። አሁን ወረቀቴ ተስተካክሏል፣ ኻልዴ መንገድ ዳር የራሴን ፀጉር ቤት ከፍቻለሁ፣ ሰበብ አልቆብኛል። ኤርፖርቱ ደግሞ ጎረቤቴ ነው። ቀኑን ሙሉ አውሮፕላን በጣሪያዬ ላይ ያልፋል፤ እኔም ባለፈ ቁጥር አማትባለሁ። ደንበኞቼ መንፈሳዊ ሰው እመስላቸዋለሁ።

ባለፈው ወር እናቴ ከደሴ ደወለች። ዓይኗን ካመማት ቆይቷል።

«አንዱ ጠፍቷል፣ ሁለተኛውም እየደከመ ነው» አለችኝ። «መልክሽን አንዴ ልየውና ከዚያ እንደፈለገ ይሁን።»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ወሰንኩ። እሄዳለሁ... ግን በመኪና።

ጓደኛዬ ሰብለ ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ የሚባል የቤሩት ሰፈር ውስጥ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች፣ ዕቃ የምታመላልስበት አሮጌ ቫንም አላት። ሐሳቤን ስነግራት ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አገሯ ናፍቋታልና ስልኳን አውጥታ ካርታ ከፈተች። በሶርያ አድርገን ዮርዳኖስ እንገባለን። አቃባ ላይ ቫኑ መርከብ ላይ ይወጣና ግብፅ እንሻገራለን። ሱዳን ጦርነት ስላለ በሌላ መርከብ ቀይ ባሕርን ይዘን ጅቡቲ እንወርዳለን። ከዚያማ ሰፈራችን ነው፣ በሚሌ አድርገን ደሴ። ስልኩ ላይ በጣቴ ስለካው መንገዱ ስንዝር እንኳ አይሞላም።

«መርከብስ አትፈሪም?» አለችኝ።

«መርከብማ ከሥሩ ውሃ አለው። አውሮፕላን ከሥሩ ምን አለው?» አልኳት፣ እንደ አዋቂ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ተጓዘ። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው የኪሎ ገደብ ስላለበት ቢበዛ አንድ ፌስታል ነው አድርስልኝ የሚባለው። በመኪና ሲባል ግን የአገሬ ልጆች ሁሉ ዕቃቸውን ይዘው ፀጉር ቤቴ መጡ። ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ ጁስ መፍጫው ተከመረ። አንዷ እህት ልብስ ማጠቢያ ማሽን በታክሲ ጭና ከች አለች።

«ለእናቴ ነው» አለችኝ። «ያኒ፣ ያን ያህል ቦታ አይዝም።»

እምቢ ማለት አልችልበትም። ማሽኑን ተቀብዬ ተራ የሚጠብቁ ደንበኞቼን እላዩ ላይ አስቀምጥ ጀመር። ልብ በሉ፣ እስካሁን አንዳችንም ስለ ቪዛ ሰው አልጠየቅንም።

በመጨረሻ ሰብለ «ያላ፣ ከመነሳታችን በፊት ባሕሩን ቅመሺው» ብላ ቅዳሜ ዕለት ራስ ቤሩት ወሰደችኝ። እዚያ ባሕር ውስጥ የቆመ ትልቅ ቋጥኝ አለ፤ ትንንሽ ጀልባዎች ሰው ጭነው ያዞሩታል። ሕፃናት ሳይቀሩ እየሳቁ ነው የሚሳፈሩት።

ቀድሜ ገባሁ። ጀልባዋ ከሥሬ ወዝወዝ አለች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ባለጀልባው ሞተሩን ሲያስነሳ እጁን አፈፍ አደረግኩ። ክራባት አልነበረውም። ጸለይኩ፣ ስለት ተሳልኩ፣ ወደ ጎኔ ዞሬ «ሰብልዬ፣ አንድ ነገር ከሆንኩ ፀጉር ቤቱ ያንቺ ነው» ብዬ ተናዘዝኩ። ከግራ ቀኝ ሲንጠኝ ቆየ። መቼም ቋጥኙን ዞረን ጨርሰን ወደ ቆጵሮስ ሳንቃረብ አልቀረንም ብዬ «ኸላስ፣ በቃኝ፣ በፈጠረህ መልሰኝ» አልኩት።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ» አለኝ ሰውዬው በእርጋታ። «ገመዱን እኮ ገና አልፈታሁትም። እጄን ብትለቂኝ ልፈታው ነበር።»

ዓይኔን ገለጥኩ። ጀልባዋ እንደታሰረች ናት። ሰብለ ገና ዳር ላይ ቆማ ጫማዋን እያወለቀች ነው። ለካ የተናዘዝኩት ለባዶ ወንበር ኖሯል። ከኋላ ተራ የያዙ ልጆች በስልክ ይቀርፁኛል።

ወረድኩ። በቫኑ ስንመለስ ሰብለ ስቃ ስቃ ስላልጨረሰች መንገድ ዳር አቁማ ጨረሰች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሰማዩም ባሕሩም እምቢ ካሉ እናቴን በምን ላያት ነው?

ቤት ገብቼ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ በመርከብ እመጣለሁ ያልኩሽም አልሆነልኝም።»

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

«በይ ተይው፣ እኔ ልምጣልሽ» አለችኝ። «ከፍታውን እንደሆነ ዓይኔ አያየው። ምን ያስፈራኛል?»

የምትቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል፣ ፓስፖርት የት እንደሚወጣ የጎረቤታችንን ልጅ እንደምታስጠይቅ ነገረችኝ። የእውነቷን ነበር። ያን ቀን ጀልባ ላይ ካፈርኩት ይልቅ ያኔ አፈርኩ።

ዛሬ ጠዋት ትኬት ቆርጫለሁ። ማሽኑን ያመጣሽው እህቴ፣ ኪሎ ስላለብኝ ነይና ውሰጂልኝ። አብራችሁኝ የምትሳፈሩ ወንዶች ደግሞ... ክራባት ባታስሩ ለራሳችሁ ነው።